የላቀው ንጥሻና ነጩ ቀዳዳ

ሐሙስ ገበያ ውስጥ አህያ ያለ ጫማ አይሄድም። ይኼን የሰማ የሩቅ አገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የሐሙስ ገበያ ሰው ግን መሳቅ ካማረው መጀመሪያ ትራስ ይፈልጋል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። በዚህች የመንዝ ከተማ የሚኖረው አሥራ አንድ ሺህ ሕዝብ የሚነጋገረው በሹክሹክታ ነው። አውራ ዶሮ ጎህ ሳይቀድ ጆንያ ይለብሳል፤ ሙቀጫ ከሥሩ ሱፍ ይነጠፍለታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከቀረ ቆይቷል፣ በምትኩ ቀይ መብራት ይበራል። ሠርግ ሲሆን ሴቶቹ እልልታውን በነጠላቸው ጫፍ ያውለበልቡታል። ባልና ሚስት መጣላት ካማራቸው ደግሞ ቀበሌ ሄደው ይመዘገቡና በጠብ አውቶቡስ ተሳፍረው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ ጩኸት ሜዳ የሚባል ቦታ አለ፣ እዚያ ወርደው የልባቸውን ተባብለው በመልሱ ይመለሳሉ። ሰኞ ሰኞ ወንበር አይገኝም። ልጆቹ እንኳ ስማቸው ተለውጧል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ዝምታ የሚባሉ አሥራ አራት ልጆች ይገኛሉ፣ መምህሩም ስም የሚጠራው በጣቱ እየጠቆመ ነው።

ይኼ ሁሉ ለሚዛኑ ሲባል ነው። ሚዛኑ ከከተማዋ ሥር፣ ቋጥኝ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ የተንጠለጠለ ነገር ነው፤ በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። የሚጠብቀው አንዲት እንግዳ ነው። ጥቁር ቀዳዳ ያገኘውን ሁሉ ሲውጥ ሲውጥ ይኖርና፣ ከዚያ ደግሞ ሲተን ሲተን አልቆ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ቅሪት ትቀራለች፤ እሷ ነጭ ቀዳዳ ትባላለች። ክብደቷ ከቅንድብ ፀጉር ቁራጭ አይበልጥም። ወደ እሷ ምንም አይገባም፣ ከእሷ ይወጣል እንጂ። ግንብ አያግዳት፣ ተራራ አያግዳት፤ በሰው ሆድ ብታልፍ ሰውየው ምሳውን ይቀጥላል። የጠፈር ሊቃውንት የዓለሙን ክብደት ቢደምሩት ቢደምሩት አልሞላላቸው ብሎ፣ ለጎደለው ጨለማ ቁስ የሚል ስም ብቻ አውጥተውለት ነበር፤ ያ የጎደለው እነዚህ ቅሪቶች ናቸው የሚሉ አሉ። አንዷ እንኳ ስታልፍ ሚዛኑ ከያዛት ነገሩ ይለይለታል። አርባ አንድ ዓመት ተጠበቀች፣ አልመጣችም። ወይም መጥታ ይሆናል፣ ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው ሳል ይዞት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለማንም አልገባም ነበር። የሚዛኑ ምርምር ጣቢያ ለወረዳው «በአካባቢው ጸጥታ እንዲጠበቅ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ወረዳው ጸጥታ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ስለሆነ አርባ ፖሊስ ከነቡትሱና ከነፊሽካው ላከ፤ ሚዛኑ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። የጸጥታ ሠራተኛ የሚባለው ሥራ ባዶ እግሩን ለሚሄድ ሰው መሰጠት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አትጠገብ የቀበሌ ሦስት የጸጥታ ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ አርባ አራት ነው፤ በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አባቷ ሲሞቱ ሴቶቹ ሁሉ ጩኸት ሜዳ ወጥተው ደረታቸውን ሲደቁ፣ እሷ ከመካከላቸው ቆማ በሹክሹክታ አለቀሰች። ሰው ጉድ አለ፤ ልቧ ድንጋይ ነው ብሎ ያማት ነበር። ልቧስ ድንጋይ አልነበረም፤ ድምፅዋ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው ያላወቀችው። ከባሏ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ የጠብ አውቶቡሱን አንድ ቀን አልተሳፈሩም፣ በዚህም ትኮራለች።

ባሏ ላቀው የአህያ ጫማ ሰፊ ነው። የበግ ጠጉር ይደውራል፣ ይጠቀጥቃል፣ አራት አራት አድርጎ ይሰፋል፤ የከተማዋን አህያ ሁሉ የእግር ቁጥር የሚያውቀው እሱ ነው። ጭምት ሰው ነው፣ ቁጣ አያውቅም። ችግሩ አፍንጫው ነው። የሱፍ ብናኝ ሲገባበት ያ ሁሉ ጭምትነት የት እንደሚሄድ እንጃ፤ ሲያነጥስ የግቢ በር በነፋስ ተመትቶ የተዘጋ ይመስላል። ሁለት ጥፋት ተመዝግቦበታል። የመጀመሪያው በፋሲካ ማግሥት ነው። ሁለተኛው ስለ ድምፅ ቅነሳ በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ያውም ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊት።

ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት ሦስተኛ ጥፋት የተመዘገበበት ሰው ከድንበሩ ድንጋይ ውጭ ይሰፍራል ይላል። ተመልሶ መግባት የለም፣ ይግባኝም የለም። አትጠገብ ይኼን ለሌላው ስታነብ ኖራለች፤ ሁለት ጎረቤቶቿን በገዛ እጇ ፈርማ ሸኝታለች፣ አንደኛው በእንቅልፉ የሚዘፍን ምስኪን ሰው ነበር። አሁን ሦስተኛው በባሏ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሏል። ላቀው ሱፍ ሲያበጥር ባየችው ቁጥር መስኮቱን ትዘጋለች። ትወደዋለች፤ ያለ እሱ አንድ ክረምት እንደማትዘልቅ ታውቃለች።

ጉዱ የመጣው ኅዳር ውስጥ፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ያለው የሚዛን ሰዓት ይባላል። በዚያ ሰዓት ሰው የያዘውን አስቀምጦ ይቀመጣል፤ ድስት ይወርዳል፣ ሕፃን ጡት ይጎርሳል፣ ስቅታ የሚያስቸግረው ሰው ውሃ ይዞ ይጠብቃል። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የመንገዱን ድምፅ የሚመዘግብ ሳጥን አለ፣ ሰው ጆሮ ጠቢ ይለዋል። በእነ አትጠገብ መንገድ ያለው ጆሮ ጠቢ ግን ከተበላሸ ሦስት ወሩ ነው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ድረስ እሷ በራሷ ጆሮ እየሰማች በየቀኑ ቅጽ ላይ ትፈርማለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ላቀው ዱካው ላይ እንደተቀመጠ የአፍንጫው ጫፍ ነጣ። አትጠገብ በር ላይ ሆና አየችው። ሮጣ ነጠላዋን ራሱ ላይ ጣለችና በሁለት እጇ አፍንጫውን ጨብጣ ያዘች። ንጥሻ ግን ሲይዙት ይብሳል እንጂ አይቀርም። ላቀው አነጠሰ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተነካኩ፣ ግቢ ውስጥ የነበረው አውራ ዶሮ ከነጆንያው ወደቀ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አትጠገብ ትንፋሿን ውጣ ገና አንድ፣ ሁለት ስትል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ዘጠና ቤቶች ሁሉ፣ በሙሉ ድምፅ አንድ ቃል መጣ።

«ይማርህ።»

ምን ይደረግ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሳቁን ማፈን ለምዷል፣ ለቅሶውን ለጩኸት ሜዳ ማቆየት ለምዷል። ሰው ሲያነጥስ ይማርህ ሳይሉ መቅረትን ግን ማን ያስተምረዋል። እናት ከጡት ጋር ያጠባችው ነገር ከደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት ቀድሞ ይወጣል። ላቀውም ሰው ያሳደገው ነውና ከነጠላው ሥር ሆኖ፣ ረጋ ብሎ፣ «ያኑራችሁ» አለ።

ከዚያ ጭር አለ። ዘጠናውም ቤት ያደረገውን አወቀ። አሥር ሰዓት ሲሞላ መውጣት ተፈቅዶ እንኳ ከቤቱ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። አትጠገብ ቅጹን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች። «የተሰማ ድምፅ» የሚለው ረድፍ ላይ እስክሪብቶዋ ብዙ ቆመ። ላቀው ነጠላውን ከራሱ ላይ ሳያነሳ ይጠብቃል። «ምንም አልተሰማም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። በሃያ ዓመት ሥራዋ የጻፈችው የመጀመሪያው ውሸት ነው።

በአምስተኛው ቀን ሬዲዮው በሹክሹክታ ዜና አነበበ። ሚዛኑ ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ላይ ሦስት ምት መዝግቧል፤ በመጀመሪያ አንድ ትልቅ፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ አንድ ሰፊ፣ በመጨረሻ አንድ ትንሽ። ሊቃውንቱ ነገሩን ሲያስረዱ፣ ቅሪቷ በዋሻው ስታልፍ በውስጧ ያመቀችውን ተፍታለች፣ የተፋችው ዓለቱ ውስጥ አስተጋብቷል፣ ከዚያ ረግታለች አሉ። ውጭ አገር ያለ አንድ የሒሳብ ሊቅ በአንደኛውና በሁለተኛው ምት መካከል ያለውን ዝምድና መርምሮ፣ የወጣው ቁጥር የፍጥረትን መጀመሪያ የሚገልጥ ነው ብሎ ስልሳ ገጽ ጻፈ። ቁጥሩ ዘጠና ነበር።

ከዚያማ ከተማዋ በሹክሹክታ አበደች። ከየአገሩ የመጣ እንግዳ በር ላይ የሱፍ ጫማ እየተሰጠው ጎረፈ። ተማሪዎች ሦስቱን ምት ደብተራቸው ላይ ሳሉ። ሸማኔዎች ጥለት አደረጉት፤ ብዙም ሳይቆይ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው ሴት ሁሉ የላቀውን ንጥሻ በነጠላዋ ጫፍ ለብሳ ትታይ ጀመር። ላቀው መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ በኋላ ግን፣ ሰው ነውና፣ ትንሽ ኮራ አለ። አንድ ቀን የአትጠገብን አዲስ ነጠላ ጫፍ ይዞ ትንሿን ምት በጣቱ እየዳበሰ፣ ያኑራችሁ ያልኩት ይቺ ናት፣ እንዴት አሳምረው እንደሠሯት አየሽ ብሎ ሹክ አላት። እጁን መታ አደረገችው።

ዘጠናው ቤት አፉን ዘጋ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ይማርህ ብሏል። ጎረቤት ጎረቤትን መንገድ ላይ ሲያገኘው በቅንድቡ ሰላም ብሎ ያልፋል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እትዬ ወለላ ብቻ አንድ ቀን ከአትጠገብ ጎን ቁጭ ብለው፣ ነጭ ቀዳዳ ማለት ለካ ያነጠሰው ጥቁር ቀዳዳ ነው አሉና አፋቸውን በነጠላ ይዘው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። አትጠገብ አልሳቀችም።

ነገሩ በዚሁ ቢያልፍ ኖሮ እሷም ከሕሊናዋ ጋር እንደምንም ትታረቅ ነበር። ግን ዶክተር ፍኖት ቤቷ ድረስ መጡ። ዶክተር ፍኖት የሚዛኑ ኃላፊ ናቸው፣ ትውልዳቸውም እዚሁ ሐሙስ ገበያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዋሻ ውስጥ ስለቆዩ ዓይናቸው ፀሐይ አይችልም፤ እናታቸው ሲቀበሩ እንኳ ሚዛኑን ትተው ከዋሻው አልወጡም። የመጡት ለምስጋና ነው። ሌሎቹ ጆሮ ጠቢዎች የሚሰሙት የየራሳቸውን መንገድ ብቻ ነው፤ ዋሻው ደግሞ ያለው በእነ አትጠገብ መንገድ ሥር ነው። ስለዚህ ምቱ የከተማ ድምፅ አለመሆኑን የሚመሰክረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም የአትጠገብ ቅጽ። ዶክተሯ ቅጹን መስታወት ውስጥ አስገብተው ይዘውት መጥተዋል። በሚቀጥለው ወር በዓለም ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆመው የሚያሳዩት ይኼንኑ ነው። እጇን ያዟትና እንባቸው መጣ።

«አንቺ ባትፈርሚ ኖሮ ማንም አያምነኝም ነበር» አሏት። «አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም። አገር ያውቅሻል።»

አትጠገብ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ብትናገር ላቀው ይሄዳል። ባትናገር እኚህ ሴትዮ የባሏን ንጥሻ ይዘው ዓለም ፊት ሊቆሙ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዘጠና ቤት የሚያውቀው ነገር ደግሞ ማደርም አይፈልግም። ያን ጊዜ ሰው የሚስቀው በላቀው አይደለም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨለማ በተቀመጡት በእሳቸው ነው። ሦስት ቀን አሰበች፣ በአራተኛው ለላቀው ነገረችው። ላቀው መስፊያውን አስቀምጦ የጀመረውን የአህያ ጫማ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አላት። «እኔ ከዚህ አፍንጫዬ ጋር የትም እኖራለሁ። አንቺ ግን ከዚያ ወረቀት ጋር መኖር አትችዪም።»

ዋሻው ድረስ ወርዳ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ዶክተር ፍኖት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይማርህ ያለው ስንት ቤት እንደሆነ። ዘጠና አለቻቸው። ዶክተሯ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ግንባራቸውን ዓለቱ ላይ አስደገፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይታ አለቀሱብኝ ብላ ቀረብ አለች፤ እየሳቁ ነበር፣ ያለ ድምፅ፣ በአፍንጫቸው፣ እንደ አገራቸው ሰው። ዓይናቸው ላይ እንባም ነበረ። ሳቁ እንባውን ያምጣው፣ እንባው ሳቁን ያምጣው፣ እሳቸውም ያወቁ አይመስልም።

ነገሩ ግን በቃል ብቻ አያልቅም፣ መረጋገጥ ነበረበት። ከዋና ከተማ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጣ። ላቀው በዚያው ዱካ፣ በዚያው ሰዓት ያነጥሳል፤ ዘጠናው ቤት ይማርህ ይላል፤ ሚዛኑ የመዘገበው ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከራል። ለየቤቱ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ታደለ። ደብዳቤው በተጠቀሰው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ጀምሮ የንጥሻ ድምፅ እንደተሰማ ወዲያውኑ ይማርህ እንዲባል በጥብቅ ያሳስባል፤ ከግርጌው ለስድስት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ ተደርጓል።

ሰዓቱ ደረሰ፣ የላቀው አፍንጫ እምቢ አለ። ሱረት ሰጡት፣ በርበሬ አሸተቱት፣ ወደ ፀሐይ አንጋጠጡት፤ ወይ ፍንክች። አርባ ዓመት ሲታፈን የኖረ አፍንጫ ተፈቅዶልሃል ሲባል ግራ ገባው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በርበሬው ነክቷቸው እሳቸው አነጠሱ፣ ያም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። በመጨረሻ አትጠገብ አንድ እፍኝ ያልታጠበ ሱፍ አምጥታ ፊቱ ላይ አራገፈችበት። አነጠሰ፣ ያውም እንዴት ያለ ንጥሻ።

ኮሚቴው ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ዘጠናው ቤት ጭጭ አለ። ሰዉ ማኅተሙን ሲያይ ጠርጥሯል፤ ይማርህ አስብለው ሊይዙን ነው ብሎ እያንዳንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በሐሙስ ገበያ ሰው አነጥሶ ይማርህ ሳይባል ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ላቀው ዱካው ላይ ኩምሽሽ አለ፤ ሰው የጠላው መሰለው። አትጠገብ ከአጠገቡ ሆና ይማርህ አለችው፣ በሹክሹክታ። ሚዛኑ እሷን አልመዘገበም።

ኮሚቴው ተበሳጭቶ በማግሥቱ ለመሄድ ዕቃውን ሸከፈ። በማግሥቱም ማንም ማንንም ሳያዝዝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከትናንቱ ሱፍ ጆሮው ሥር የቀረች ብናኝ ነበረች መሰል፣ ላቀው ሳያስበው አነጠሰ። ከዘጠናውም ቤት፣ የትናንቱን ዕዳ ጭምር ለመክፈል ይመስላል፣ ይማርህ ተንጎደጎደ። እትዬ ወለላ ብቻቸውን ሁለት ጊዜ አሉ። ላቀው ያኑራችሁ ሲል ድምፁ ተቆራረጠ። ሚዛኑ ሁሉንም ያዘ።

ዶክተር ፍኖት አዲሱን ከአሮጌው ቀነሱ። ንጥሻ ከንጥሻ፣ ይማርህ ከይማርህ፣ ያኑራችሁ ከያኑራችሁ ተጣፋ። መቅረት የነበረበት ባዶ መስመር ነው። ባዶ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ በንጥሻውና በይማርህ መካከል ባለችው ሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ አንድ ነገር ሚዛኑን ነካ አድርጎ አልፏል፤ ክብደቱ የቅንድብ ፀጉር ቁራጭ ያህል ነው። ከኮሚቴው ሁለቱ የመሣሪያ ስህተት ነው አሉ፣ አንዱ አይደለም አሉ፣ በዚህም ሳይስማሙ ተሳፍረው ሄዱ። ዶክተሯ ግን አልተከራከሩም። የጉባኤውን ጉዞ ሰርዘው ወደ ዋሻቸው ወረዱ፤ ደረጃው ላይ ሲያንጎራጉሩ ተሰምተው በራሳቸው ላይ አንደኛ ጥፋት አስመዘገቡ።

ሰኞ ዕለት ለላቀው ሁለት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ደረሰው። አንደኛው ለምርምር ስላደረገው ከፍተኛ አስተዋጽኦ የተሰጠ የምስጋና ወረቀት ነው። ሁለተኛው እስከ ቅዳሜ ድረስ ከድንበሩ ድንጋይ ውጭ እንዲሰፍር ያዝዛል። ለኮሚቴው ያነጠሳቸው ታልፈውለታል፣ የኅዳሩ ግን ሦስተኛ ሆኖ ተይዟል። ዘጠናው ቤት ነጻ ወጣ፤ ከሃምሳ ቤት በላይ በአንድ ጊዜ የወጣ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ያለ የተፈጥሮ ድምፅ ነው ይላል ደንቡ። አትጠገብ በሐሰት ስለፈረመች ከሥራዋ ተሰናበተች፣ ከተማው ውስጥ መኖር ግን ትችላለች። ዶክተር ፍኖት ስለ ላቀው ለማይመለከተው ሁሉ ሳይቀር ጻፉ። ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት ምሕረት የሚል አንቀጽ የለውም የሚል መልስ መጣላቸው።

ላቀው አንቺ ቅሪ አላት። ቤቱ የአባቷ ነው፣ አንድ ወር ባዶውን የቆየ ቤት ደግሞ ለጣቢያው ይሆናል። እዚያ ማዶ ሰው እየጮኸ ይገበያያል፣ ውሻው እንዳሻው ይጮኻል፣ አንቺ አትችዪውም አላት። በየሳምንቱ ከድንጋዩ ማዶ ቆሜ አይሻለሁ ብሎ ማለላት። ስለሚወዳት ነው እንዲህ ያለው። እሷም እሺ አለች። ሌላ ነገር ማለት አምሯት ነበር፣ ግን ዝምታው ለምዶባት እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ላቀው መስፊያውንና ጓዙን አህያቸው ላይ ጭኖ ተነሣ። ዘጠናው ቤት በየደጃፉ ቆሞ ነጠላውን አውለበለበለት። አትጠገብ እጥፋቱ ላይ እስኪሰወር ድረስ አይታው ገባችና ዱካው ላይ ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሃያ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ጸጥታ ይኼው አንዳች ሳይጎድልበት መጣላት። አንድ ሰዓት አልቻለችውም። ቁልፉን ለእትዬ ወለላ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ተከተለችው።

አሥራ ሁለቱን ኪሎ ሜትር እያለከለከች ጨርሳ ከድንበሩ ድንጋይ ስትደርስ፣ ላቀው ከማዶ ሜዳውን አጋምሶት ነበር። ስሙን ሹክ አለች፤ ከራሷ ከንፈር አላለፈም። እጇን አውለበለበች፤ ጀርባውን ነው የሰጣት። ድንጋዩን ተሻገረች። አፏን ብትከፍት መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ተናደደች፣ በማን እንደሆነ ሳታውቅ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ተናደደች። ያን ጊዜ ወጣ።

«ላቀው!»

ሜዳው ላይ የነበሩ ወፎች ብር ብለው ተነሡ። እሷ ራሷ ደነገጠች፤ ወፈር ያለ፣ ሻካራ፣ ሙሉ ድምፅ ነበር። ላቀው ግን አልዞረም። ስሙን ሰምቷል፤ በዚያ ድምፅ የሚጠራው ሰው በሕይወቱ ስለሌለ ሌላ ላቀው ነው የተጠራው ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ደግማ ጠራችው። በሦስተኛው አህያዋ ቆመች፣ እሱም ዞረ። አትጠገብ እየሮጠች ስትመጣ አያት፤ ዓይኑ ግን ከእሷ አልፎ፣ ከኋላዋ፣ የጠራችውን ሴት ይፈልግ ነበር።

«ማን ናት ስትጠራኝ የነበረችው?» አላት፣ እንደ ልማዱ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኛ።»

«ይኼ ያንቺ ድምፅ ነው?»

አትጠገብ ትንፋሿ እስኪመለስ ጉልበቷን ይዛ ቆየች።

«እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው» አለችው፣ ጮክ ብላ።